የጭቃ ግድግዳ በቀዩ አይታጠብም

እንዴት አደሩ ጋሽ ይሻው… እትዬ አሰለፈች ደኅና ናቸው? ልጆቹስ? ከብቱስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ፣ ይግቡ፤ ውሃ ያቆረውን እየዘለሉ ይምጡ። እዚህች ሣጥን ላይ አረፍ ይበሉ… ይቆዩ ላብስልዎት። የዘንድሮ የጉና ብርድ ገና በኅዳር እንዲህ ካደረገን ጥር ላይ ምን ሊያደርገን ነው? ጤፉስ ታጨደልዎት? እሰይ። ገብሱም መልካም ነው ሲሉ ሰማሁ።

እኔማ እንደሚያዩኝ ነኝ። መብራት የሄደው ከጠዋት ጀምሮ ነው። ማሽኑ ዝም፣ እኔም ዝም። በዚህ ሰፈር ሁሉም ያው ነው፤ ይስሙ እስቲ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ያለው ማሽንም ጸጥ ብሏል። መብራት ሲጠፋ አንዱ ጥሩ ነገር ይህ ነው፤ ሰው ሳይጯጯህ ይሰማማል። ሌላ ቀን ቢሆን እዚሁ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም ነበር። ዛሬ ግን እኔ ቀስ ብዬ ባወራም ማን ያውቃል… ወዲያ ማዶ ድረስ ይሰማ ይሆናል።

እና ምንጣፍ ይዘው መጡ። በራስዎ ትከሻ? ያምጡት ልየው… እህ። ጋሽ ይሻው፣ ይህ እኮ ለዘመን መለወጫ ያጠብኩልዎት ምንጣፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አልረገጠውም እንዴ? ሽታው ራሱ ገና የሳሙና ነው። ይሁን፤ ንጹሕ ነገር ማጠብን የመሰለ ሥራ የለም፣ ማንም አይወቅሰኝም። ግን ሰው በኅዳር ወር፣ የክት ኩታውን አጣፍቶ፣ ወንጌል እንደሚሳለም ሰው ተስተካክሎ፣ ንጹሕ ምንጣፍ ተሸክሞ ላቫጆ ሲመጣ… እኔ ምንም አልጠይቅም። ደጅ ላይ ደግሞ ጋሽ በላይነህና ጋሽ ባዩ ቆመዋል። የዚያን የቆመ ሲኖትራክ ጎማ ዙሪያውን እየዞሩ ያያሉ። ጋሽ በላይነህ በዚህ ዕድሜያቸው ሲኖትራክ ሊገዙ ነው? እንዲያው ነው የጠየቅሁት። ይዩ፤ ጎማ ማየትም ደግ ነው።

ስለ ምንጣፍ እናውራ። መቼስ የመጡት ለምንጣፍ ነው።

ያችን ጣሳ ያቀብሉኝማ… ይኸው። እነዚህ የማሽኑ አፎች ናቸው፤ ከዱላው ጫፍ ላይ የሚሰኩት። አምስት ናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ውሃው አንድ ነው፣ ማሽኑም አንድ ነው፣ ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። ይህ ቀዩ ውሃውን ቀጭን መስመር አድርጎ እንደ ወስፌ ነው የሚያወጣው፤ ዜሮ ይሉታል፣ ምንም አይከፈትም። ቢጫው ትንሽ ይከፍተዋል፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው፤ ለድንጋይ፣ ለሲሚንቶ፣ ከእርሻ ለመጣ የትራክተር ጎማ። አረንጓዴው ሃያ አምስት፤ ለመኪና ሆድ፣ ለግቢ ንጣፍ። ነጩ አርባ፤ እሱ ውሃውን ሰፋ፣ ለስለስ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ለመኪና ቀለም፣ ለመስታወት፣ እንዲህ እንደ አንቱው ላለ ምንጣፍ። ጥቁሩ ጉልበት የለውም፣ ሳሙና ለመርጨት ብቻ ነው።

ኩዌት ስምንት ዓመት የሰው ግቢ ሳጥብ የተማርኩት ይህንን ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የስሪላንካ ሽማግሌ ነበረ፤ በየቀኑ አንድ ነገር ነው የሚነግረኝ። መጀመሪያ የምታጥቢው ነገር ከምን እንደተሠራ እዪ። ከነጩ ጀምሪ። ከሩቅ ቁሚ። ደበቅ ያለች ጥግ ላይ ሞክሪ። ካልጎዳው ብቻ ቀስ እያልሽ ቅረቢ። ይኸው ነው፤ ሌላ ትምህርት የለውም። ለመኪናም ይሠራል፣ ለምንጣፍም ይሠራል… ለሰውም ሳይሠራ አይቀርም።

አንድ የማውቀው ሰው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ስሙን ምን ያደርጉታል? ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆንብኛል፤ እኔ ደግሞ ላመሰግነው ነው የተነሣሁት። እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ከእብናት እስከ ሐሙሲት ቢፈለግ አይገኝም። አምስቱንም አፍ ገዝቷል፤ አራቱ እስከ ዛሬ ከላስቲካቸው አልወጡም። ለምን ይውጡ? ቀዩን ሰክቷል፣ አለቀ። «ወንድ ልጅ አንድ አፍ ነው ያለው» ይላል አሉ። እውነቱን ነው። ቃሉን የማይለውጥ ሰው ስንፈልግ ኖረን፣ አፉን የማይለውጥ አገኘን።

ሰሙ? ከቆርቆሮው ወዲያ የሆነ ነገር ሳለ። ድመት ይሆናል። በዚህ ብርድ ድመቱንም ጉንፋን ይዞታል።

የደምሴን ሚኒባስ ያውቁት የለ? ወረታና አዲስ ዘመን የሚመላለሰውን። የኋላ መስታወቱ ላይ ጊዮርጊስ ነበረ፤ ነጭ ፈረስ፣ ረጅም ጦር፣ ከሥር ዘንዶው ተንጋሎ። ባለፈው ዓመት ለጣራ ገዳም ተሳላሚ ሊጭን ሲል ደምሴ መኪናውን ለዚህ ሰው ሰጠው። እኔ ዘንድ ወረፋ ነበረ፤ እሱ ዘንድ ወረፋ ኖሮ አያውቅም። ሰውየው ሳይደክም፣ ሳይታክት፣ ቀዩን ሰክቶ መስታወቱን አንድ ክንድ ያህል ተጠጋና ለቀቀበት። ጭቃው ሄደ። ፈረሱ ሄደ። ጦሩ ሄደ። ጊዮርጊስም ሄደ… ዘንዶው ብቻ ቀረ። እንግዲህ ተሳላሚው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጧፉን ይዞ፣ መናኸሪያ ሲደርስ ዘንዶ የተለጠፈበት መኪና ቆሞ ይጠብቀዋል። አንዲት መነኩሲት ሦስት ጊዜ አማትበው በሌላ መኪና ሄዱ አሉ። ደምሴ ባዶውን ጣራ ገዳም ደርሶ ተመለሰ።

እኔ ግን እንዲህ ነው ያልኩት… ስንት ዘመን አብረው የኖሩትን በአንድ ደቂቃ የሚያፋታ እጅ፣ እንዲህ ያለ እጅ ቀላል ነው? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። የሱ ውሃ ግን አያታልልም፣ ከመጀመሪያው እያስለቀሰ ነው የሚወስደው። ይህም አንድ ሐቀኝነት ነው። ደግሞ ደምሴ «ምነው?» ብሎ ቢጠይቀው ምን አለ መሰለዎት? «ሥዕሉ ድሮም በደንብ አልተለጠፈም» አለ። እንዲህ ነው አዋቂ። እኛ ሥራችንን ብቻ ነው የምናውቅ፤ እሱ የሰውንም ሥራ ጉድለት ያውቃል።

የእድሩንስ አግዳሚ ወንበር? እሱን ጋሽ ባዩን ነው መጠየቅ። እንጨት እኮ ጋሽ ይሻው፣ እንጨት በቀዩ ከታጠበ ቆዳው ይገፈፍና ጸጉር ያበቅላል። እድርተኛው «ለፋሲካ ወንበሮቹ ይታጠቡ» ቢል ይህ ደግ ሰው በነጻ አጠባቸው። በነጻ ነው፤ ልብ ይበሉ፣ ደግነቱን ልቀንስበት አልፈልግም። ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ጋሽ ባዩ ሄደው ተቀመጡ፤ አልቅሰው፣ አጽናንተው፣ ሊነሡ ሲሉ ሱሪያቸው አልነሣ አለ። ስንጥሩ በጨርቁ ገብቶ ይዟቸዋል። በለቅሶ ቤት ደግሞ አይጮኽም፣ አይሳቅም። እስኪመሽ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ «ጋሽ ባዩ ምን ያህል ቢወዱት ነው» እያለ አደነቀ። ይኸው ዛሬ ደጅ ቆመው የቀሩት እኔ ሣጥን አጥቼ አይደለም፤ ታጥቦ ከሆነስ ብለው ይሆናል። ሰውየው ታዲያ ያን ጊዜም አልተሳሳተም፤ «እንጨቱ ድሮም በደንብ አልተላገም» አለ።

እኔም አጥፍቻለሁ እኮ። አላጠፋሁም የምል እንዳይመስልዎት። ኩዌት በገባሁ በሳምንቱ የእመቤቴን የእንጨት በር በቢጫው ፈጀሁት። ያን ያህል ያማረ በር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ማታ እመቤቴ ስትመጣ በሩ ፊት ቆሜ ጠበቅኋትና «እኔ ነኝ» አልኳት። ጮኸች፣ ሰደበችኝ፣ እኔም አለቀስኩ። በነጋታው ያ ሽማግሌ ብርጭቆ ወረቀት አመጣልኝና ሁለት አርብ፣ የዕረፍት ቀኔን፣ ስፍቀው ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ በሩ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። «በሩ ድሮም…» ብላት ኖሮ እስከ ዛሬ ታነሣው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ እንደ አንዳንዱ ሰው ብልኅ አልነበርኩም።

እና ይህ ብልኅ ሰው… እንዴት ብዬ ልንገርዎት… ፍቅር ያዘው። የማን ፍቅር እንደያዘው አልናገርም። ይህን ጉድጓዴን ያውቁታል። እዚያ ውስጥ ያለው የስምንት ዓመት ላቤ ነው። ባለፈው ሚያዝያ የሰፈሩ ጉድጓድ ሁሉ ሲነጥፍ የኔ አልነጠፈም። በአጠገቤ ያለ ላቫጆ ሦስት ሳምንት ቆመ። ያን ሰው ማለቴ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው… ሌላ ላቫጆ። እንግዲህ ከኩዌት ስመለስ ያላየኝ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ሲከብደው የኖረ ሰው፣ ጉድጓዱ በነጠፈ ማግሥት «ፈንታዬ፣ እንዴት አደርሽልኝ?» አለ። ሰው ዓይን አይቶ ይወድዳል፣ ጥርስ አይቶ ይወድዳል፤ እሱ አሥራ ሁለት ሜትር ወደ ታች አይቶ ወደደ። ጠለቅ ያለ ፍቅር ይሉታል ይህንን። አሁን ደግሞ መናኸሪያ ቆሞ «ያቺ ቆርቆሮ ብትነሣ እኮ ሁለቱ ግቢ አንድ ነው» ይላል አሉ። የታጨው እኔ ልሁን ጉድጓዱ እስኪጣራ ድረስ እኔም ዝም ብያለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? እኔ ግን ዘንድሮ ነቀዝኩ። ለምን እንደነቀዝኩ ልንገርዎትና ከዚያ ስለ ምንጣፉ እንጨርሳለን።

መስቀል ሊደርስ ሰሞን ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ የእናቴን ቤት ግድግዳ እግር እግሩን ጭቃ ረጭቶት ነበር። እኔ የማሽን የውሃ ጎማ ልገዛ ባሕር ዳር ሄጃለሁ፤ ስመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ገበያተኛ ሲጭን ሲያወርድ አዋለኝ። በዚያ መሃል ይህ ደግ ሰው ማሽኑን በጋሪ ጭኖ፣ ውሃ በበርሜል ይዞ፣ እናቴ ቤት ይሄዳል። አማች ሊሆን ያሰበ ሰው በጉልበቱ ማገልገሉ የአገር ወግ ነው፤ አንቱም ለአማቶችዎ አንድ ክረምት ሳያርሱላቸው እትዬ አሰለፈችን አልሰጡዎትም ሲባል ሰምቻለሁ። እሱም ወግ አልጣሰም። «እማማ፣ አይነሡ፤ እዚያው ይቀመጡ። ግድግዳዎትን ጭቃውን አስለቅቄ መስታወት አስመስለዋለሁ» አላት። እናቴም ቆማ መረቀችው። ሶኬቱን ከሷው ቤት ሰካ። እሷ መደቡ ላይ ተመልሳ ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

እስቲ አንቱ ይፍረዱ ጋሽ ይሻው። ግድግዳው የምንድን ነው? የጭቃ። ከላይ ኖራ ተቀባ እንጂ ከሥሩ ጭቃና ጭድ ነው። ከጭቃ ግድግዳ ላይ ጭቃ የሚያስለቅቅ ሰው… የት ላይ ሊያቆም ነው? ደርቆ ሲጨርስ በመጥረጊያ ጠረግ ቢያደርጉት ይበቃው ነበር። ከነዚህ ከአምስቱ ውስጥ ለጭቃ ግድግዳ የሚሆን አፍ የለም። ነጩም አይሆንም፣ ጥቁሩም አይሆንም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ኩዌት መሄድ አያስፈልግም፤ ጭቃ ቤት ውስጥ መወለድ ይበቃል፣ ሁላችንም እዚያው ነው የተወለድን።

እሱ ግን ቀዩን ሰክቶ ተጠግቶ ለቀቀው። መጀመሪያ የተረጨው ጭቃ ሄደ፤ ደስ አለው። ቀጥሎ ኖራው ሄደ። ቢያይ ከሥሩ ጭቃ አለ። «ገና አልጠራም» ብሎ ገፋበት። ምርጊቱ ሄደ። ጭዱ ሄደ። ማገሩ ብቅ አለ። እሱ ጭቃው ተጠርጎ እስኪያልቅ ነው የሚጠብቅ… በመጨረሻ ጠራለት። በቀዳዳው እናቴን እንዝርቷን እንደያዘች መደቡ ላይ ተቀምጣ አያት። እሷ ደግሞ የጥጥ ቅርጫቷ በውሃ ሲገለበጥ የኖኅ ዘመን የተመለሰ መስሏት «እግዚኦ መሐረነ» እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሳቁ፣ ይሳቁ፤ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። በር አንኳኩቶ የሚገባ አማች ስንት አለ፤ በር በሌለበት የገባ እሱ ብቻ ነው። እናቴም አልተጎዳችም። ድሮ በዚያ በኩል መስኮት ትመኝ ነበር፣ ይኸው ተከፈተላት። አሁን መደቧ ላይ ሆና ወደ ገበያ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ትላለች። የማዳበሪያ ጆንያም ሰቅሎላት ሄዷል፤ መጋረጃ መሆኑ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ቸኩሎ አፈሰሰ፣ መልቀሙን ለባለቤቶቹ ተወልን። ሁሉንም ሥራ ለብቻው ልሥራው አይልም፣ ያካፍላል።

እስከዚህ ድረስ ሳቄ ነው ጋሽ ይሻው። እውነቴን ነው። ሰው ይሳሳታል፣ ግድግዳ ይመረጋል።

በሳምንቱ ግን ጠጅ ቤት ተቀምጦ «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ግድግዳው ድሮም በደንብ አልተመረገም። ጭቃውን በደንብ የረገጠው የለም፣ የግዴለሽ ሥራ ነው» አለ። ይህን ሰው ነው የነገረኝ።

ያን ግድግዳ የመረገው አባቴ ነው።

ይህን ስሰማ ከፋኝ። ለምን እደብቅዎታለሁ፣ በጣም ነው የከፋኝ። አባቴ ያን ጭቃ ዐሥር ቀን አብኩቶት፣ በየማለዳው ውሃ እያጠጣው፣ በመዳፉ እያስለሰለሰ ነው የመረገው። በዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ክረምት ዘንቦበታል፤ አንድ ስንጥቅ አላወጣም። እናቴ ስትገባ ስትወጣ በእጇ ዳሰስ ታደርገው ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ አቧራ የምታራግፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን እጇ ወደዚያ ይሄድና ጆንያውን ያገኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ ይህ ሰው ግን የፈራው አልነበረም፣ በሕይወት ያለ ተከራካሪ የለማ። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም።

ደግሞ አንድ ነገር ነው የገረመኝ… ያን ጊዜ ደቦው ላይ ጭቃውን የረገጠው ማን ነበር ጋሽ ይሻው? እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፣ በቅል ውሃ አመላልሳለሁ። አንድ ጎልማሳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ከአባቴ ጋር እየተቃለደ፣ «ጭድ ጨምር፣ ጭድ ካልበዛበት አይያያዝም» ይል ነበር። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ረገጠው። ሲወጣ በጭቃው እግሩ ያበጠ መስሎኝ ሳቅኩበትና ጭቃውን ግንባሬ ላይ ቀባኝ። ያስታውሱታል ያን ጎልማሳ? … እንግዲህ «በደንብ አልተረገጠም» የተባለው እግር አሁን እዚህ፣ ከኔ ሣጥን ፊት ተዘርግቶ ነው ያለው። እኔ አላልኩም። ያ ሰው ነው ያለው። መቼስ ሳያውቅ ነው፤ ቢያውቅማ ከአገሩ ሰው ሁሉ መርጦ አንቱን ለዚህ… ለምንጣፍ አይልክዎትም ነበር።

ምነው ከዘራዎን ጨመቁት? ይተዉት፣ እንጨቱ ምን በደለ።

አሁን ኅዳር ነው። ጭድ በየአውድማው ወድቋል። አፈሩ ከደጅ፣ ውሃው ከኔ ጉድጓድ፣ እግሩ ከራሱ። ቢፈልግ የሁለት ቀን ሥራ አይሆንም። ሁለት ወር ሙሉ ግን ጆንያው ተሰቅሎ አለ። ሰው ሽማግሌ ከሚልክ አንድ ሸክም ጭድ ቢልክ ይቀለው ነበር እላለሁ… ደግሞ ምን አገባኝ። ለሽምግልና ኩታ ይለበሳል፣ ለጭቃ ሱሪ ይሰበሰባል፤ እሱ የሚያምርበትን ያውቃል። እውነቱን ልንገርዎት? አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጫማውን አውልቆ እናቴ ደጅ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ባገኘው ኖሮ… እስቅ ነበር። ሴት ከሳቀች በኋላ ምን እንደምትል አይታወቅም። ግን አላገኘሁትም። ያገኘሁት አንቱን ነው፣ ከነንጹሕ ምንጣፍዎ።

ከቆርቆሮው ወዲያ ድመቱም ዝም አለ። ተሻለው መሰለኝ።

በሉ፣ ምንጣፉን ምን ላድርገው? መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከቸኮሉ እዚያ ይውሰዱት፤ አሥር እርምጃ ነው፣ በእጅም ቢሆን ያጥብልዎታል። ጎረቤታችን አልማዝ ከሳዑዲ ተሸክማ ያመጣችውን ምንጣፍ ያጠበላት እሱ ነው። መሃሉ ላይ አበባ ነበረው፤ አበባው ወልቆ ወጣላት። አሁን በሩ አጠገብ በተዘረጋው ምንጣፍ ቀዳዳ ላይ ጠረጴዛ ጭና ትኖራለች። ቤቷ የሚገባ ሁሉ «ጠረጴዛው ለምን በሩን ዘጋው?» ይላታል። ይውሰዱለት… ምነው? ምነው አቀፉት? ጋሽ ይሻው፣ ለሰው ልጅ ባል ሊሆን የበቃ ሰው ለምንጣፍ አይበቃም?

ይተዉት፣ እየቀለድኩ ነው። ምንጣፍዎ ንጹሕ ነው፤ ለእትዬ አሰለፈች እንደወሰዱት ይመልሱላቸው። ጋሽ በላይነህንና ጋሽ ባዩንም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ያን ጎማ ሲያዩት ሊያልቅ ነው። በእኔ በኩል ቅያሜ የለኝም። አንቱ የአባቴ ወዳጅ ነዎት፤ እግርዎ ይህን ደጅ በረገጠ ቁጥር ደስ ይለኛል። ምን አለች ብሎ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ ደግሞ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ መርቃሃለች ይበሉልኝ። ሽማግሌን ያለ መልስ መስደድ ነውር ነው።

አሜን እያሉልኝ ጋሽ ይሻው። እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጠው… አሜን። የራሱን ጉድጓድ ውሃ ይሙላለት… አሜን። ከእኔ የተሻለች፣ ትዕግሥቷ የበዛ ሚስት ይስጠው። ቤቱን በገዛ እጁ ይሥራ፤ ጭቃውን በገዛ እግሩ ረግጦ፣ በገዛ መዳፉ መርጎ፣ ከሚስቱ ጋር ያርጅበት። ሴት ልጅ ይስጠው፤ ቁርጥ እናቷን የምትመስል። ለወግ ለማዕረግ ትድረስለት፤ አማች ደጁን ይርገጥለት… ያም አማች፣ እሱ የአባቴን እጅ ያከበረውን ያህል፣ የሱን እጅ ያክብርለት። አሜን።